ስሜን በቀይ የጻፈው

ደብዳቤውን ለወዳጄ ለማንሲክ በእጁ ከሰጠሁት አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። መልስ የለም። ልጄ ዶንግጁ ዕቃዬን ጭኖ ወደሚኖርበት ከተማ ወደ ቻንግዎን ሊወስደኝ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ያን ዕለት ደግሞ ረቡዕ ነበር።

በደብዳቤው ብዙ አልጻፍኩም። ልጄ ሕፃኑን እንድጠብቅለት ይፈልጋል፤ ሚስቱ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው፤ የዛጎሉም ወቅት ሊያልቅ ነው ብዬ ጀመርኩና፣ «ቅሪ ካሉኝ እቀራለሁ፤ ዝም ካሉኝ እሄዳለሁ» ብዬ ጨረስኩ። ይህችን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ለወንድ ደብዳቤ ስጽፍ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

የባሕር ዛጎል ከፍተን ሥጋውን በምናወጣበት መፈልቀቂያ ቤት ጠረጴዛዬ ከዶክሬ ጎን ነው። ዶክሬ ቢላዋዋ ከምላሷ አይፈጥንም። በወደብ ከተማችን በቶንግዮንግ ማን ከማን ጋር እንደታየ ለማወቅ ከእሷ ጎን ሁለት ሰዓት መቆም ይበቃል። ያን ቀን ግን እስከ ምሳ ድረስ ዝም አለችኝ፤ ዝምታዋ አስፈራኝ። ጓንቷን ስታወልቅ ነው የተናገረችው።

«የዶንግጁ እናት፣ ያ ባለ ሳጥን ሰውዬሽ ሰዓት አያውቅም ስትዪ አልነበር?»

አያውቅም አልኳት።

«ለአንቺ ነዋ የማያውቀው።»

ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። የእህቷ ልጅ የምትኖረው ከማንሲክ ቤት ፊት ለፊት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የተፋታት ሚስቱ ትመጣለች። የምትመጣውም ደውል ሳትጫን ነው፤ እሱ ቀድሞ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታልና። ፀጉሩን አበጥሮ። ከብርዱ ወራት ጀምሮ አንድ ሐሙስ እንኳ አልተዛነፈም።

ሌሎቹ ሴቶች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ቢላዋዬን አንስቼ ቀጣዩን ዛጎል ስፈለቅቅ ሥጋውን ለሁለት ቆረጥኩት። አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬ እንዲህ ያደረግኩት ጥቂት ቀን ነው።

ማንሲክ እኮ እኔን የካቲት ላይ የጀልባው ወደብ ላይ ሁለት ሰዓት ያቆመኝ ሰው ነው። አብረን ወደ ሀንሳን ደሴት ልንሻገር ተቀጣጥረን፣ ሁለት ጀልባ ሄዶ፣ እጁ የዛፍ ሙጫ እንደተቀባ እየሮጠ መጣ። «አንድ ነገር ብቻ ልጨርስ ብዬ ነው» አለኝ። ልደቴን ረስቷል። እያወራሁት ዓይኑ ከዓይኔ ላይ ሳይነሳ ልቡ ወጥቶ ሲሄድ አያለሁ፤ ደጋግሜ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ የቻልኩት በአንድ ነገር ተደግፌ ነበር፤ ለሁሉም ሰው እንዲህ ነው እያልኩ። የእሱ ቤት ሦስት ትውልድ ሳጥን በሚያብረቀርቅ የዛጎል ቅርፊት ሲያስጌጥ የኖረ ነው፤ ከነገሥታት ደጃፍ የደረሰ እጅ አላቸው ይባላል። እንዲህ ዓይነት ሰው ሐሳቡ ቢበተን ምን ይገርማል፤ ከእኔ ጋር ሆነ ከሌላ ምን ለየው እል ነበር።

ዶክሬ ያንን ድጋፌን ነው ከጎኔ የወሰደችው። ከዚያ በኋላ የቀረልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ እሷ ምን አላት?

*

ሐሙስ ጠዋት ታምሜያለሁ ብዬ ከሥራ ቀረሁ። ውሸት እንደማልችል አሠሪዬ ስለምታውቅ፣ የእውነት የታመምኩ መስሏት ገንፎ ሠርተሽ ብዪ አለችኝ። በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ የሰው አያት ሆኜ፣ ከማንሲክ ቤት ማዶ፣ ከደረቅ ዓሣ ሻጩ ሸራ ሥር ተደብቄ የወንድ በር ስጠብቅ ዶንግጁ ቢያየኝ ምን ይላል ብዬ አሰብኩ። ሆኖም አልሄድኩም።

ለሦስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ማንሲክ ወጣ። ዶክሬ አልዋሸችም፤ ፀጉሩ ተበጥሯል። ሸሚዙ ተቆልፏል። የእኔ ማንሲክ ቁልፉን ሁልጊዜ አንድ ያሳስታል።

እሷ ከታች በኩል መጣች። ግራጫ ሹራብ፣ የቆዳ ቦርሳ፣ ቀጥ ያለ ጀርባ። አስተማሪ ነበረች ሲባል ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ የሀዩን እናት እያለ ነው የሚጠራት፤ ሀዩን የእሱ ልጅ ናት። ይህ ስም በፍቺ አይወሰድም። እኔ ለእሱ የማንም እናት አይደለሁም።

«ግባ ግባ፣ ነፋስ አለ። ሹራብ አትለብስም አንተ?» አለችው።

አንተ አለችው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ነው የምለው። አንድ ቀን ብርድ ልብሱን እያለበስኩት እንኳ «ይሸፈኑ» ነው ያልኩት።

የእንግዳ መቀበያው ክፍል መስኮት ዝቅ ያለ ስለሆነ ከማዶ ሆኖ ጠረጴዛው ይታያል። ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሷ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች፤ እሱም የወረቀት ክምር አቀረበ። አላወሩም። እሷ የራሷን ትጽፋለች፤ እሱ የራሱን ይጽፋል። አንዴ ሻይ ቀዳላት፤ አላመሰገነችውም። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆኑ።

ቢሳሳቁ ኖሮ እችለው ነበር። እጇን ቢይዛት ደግሞ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ያ ዝምታ ግን የብዙ ዓመት ባልና ሚስት ዝምታ ነው፤ አንዱ ለሌላው ምንም ማስረዳት የማያስፈልገው። ከእኔ ጋር ሲሆን አሥር ደቂቃ ተረጋግቶ የማይቀመጥ ሰው! እየተመለስኩ ሳለሁ፣ የቀናሁት በሴትዮዋ ይሁን ወይስ በተቀመጠችበት ወንበር ለራሴም አልገባኝም።

*

ዓርብ ዕለት ዕቃዬን አስሬ ጨረስኩ። ዶንግጁ ስልክ ደውሎ በነጋታው ረፋድ ላይ እደርሳለሁ አለኝ። ድምፁ የደስታ ነበር፤ ልጁ ጥርስ እያወጣ ነው። እሺ አልኩት። ከዚያ ኪምቺ የምንለውን በበርበሬ የኮመጠጠ የራዲሽ ሥርና የባሕር ቅጠል በሁለት ዕቃ አድርጌ ማንሲክን ልሰናበተው ወጣሁ። ሌላ ነገር አልፈለግኩም፤ «ደህና ይሁኑ» ብዬ፣ ሳላለቅስ፣ መልስ የነፈገኝን ሰው ዓይን አይቼ መሄድ ብቻ።

በሩን ሳይዘጋ ትቶታል፤ ገብቼ ከኋላዬ ዘጋሁት። ከጓሮ ካለው የሥራ ቤቱ ቀጭን መጋዝ ይሰማል። ጠራሁት፤ መጋዙ አላቆመም። ኪምቺው እንዳይሞቅ ብዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከመቀበያው አልፌ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ «ቆይ ላጽዳው» እያለ ይከለክለኛል።

ግድግዳው በትናንሽ ቢጫ ወረቀት ተሞልቷል። ምድጃው ላይ፦ «ጠፍቷል?» በሩ ላይ፦ «ቁልፍ። ስልክ። መነጽር።» የውሃ ማፍያው ላይ፦ «መድኃኒት፣ ከቁርስ በኋላ፣ አንድ ፍሬ።» የሴት እጅ ጽሑፍ ነው፤ የአስተማሪ እጅ። ፊደሎቿ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፤ የእኔ ከአውቶቡስ የወረደ ሕዝብ ነው የሚመስሉት። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን ቢጫ ወረቀት ብቻ አይቼ አልፍ ነበር። ማንበብ መማሬን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠላሁት እዚያ ቆሜ ነው። በዚህ ቤት አንዲት ሴት ትናገራለች፤ ሰውየውም እሺ ብሎ ይታዘዛታል።

ከዚያ ትልቁን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። በየሐሙሱ በጥቁር ቀለም «የሀዩን እናት፣ ሦስት ሰዓት» ይላል። ሐኪም ቤትም በጥቁር፣ የሳጥን ርክክብም በጥቁር። አራት ቦታ ላይ ግን አንድ ስም በቀይ ተጽፏል። ፒልሱን።

ስሜ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እኛ ዘንድ በሕይወት ያለ ሰው ስም በቀይ አይጻፍም። ቀይ የሙታን ነው። ፊደል በተማርኩ በሁለተኛው ቀን ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ስሜን ልጽፍ ስል፣ ልጄን የምታህለው አስተማሪያችን እጄን ይዛ ቀማችኝ። እሱ ይህን አጥቶት ነው? ሚስቱን ከሕያዋን፣ እኔን ከሞቱት ቆጠረኝ አልኩ።

ማቀዝቀዣውን የከፈትኩት እጄ ሥራ እንዲይዝ ብዬ እንጂ ኪምቺውን አስቤ አልነበረም። በመዝጊያው በኩል፣ ባዶው የእንቁላል መደርደሪያ ጎን፣ ደብዳቤዬ ቆሟል። ቀዝቅዟል። አልተከፈተም።

ያኔ በቁጥር የሚከፈተው የውጭ በር ሲነካ ሰማሁ፤ አራት ጊዜ ጢጥ አለ። የሀዩን እናት ገባች። ትናንት መነጽሯን ረስታ ኖሯል። አየችኝ፤ ደብዳቤውን አየች፤ የተከፈተውን ማቀዝቀዣ አየች።

«የዶንግጁ እናት መሆን አለብሽ» አለችኝ። «ልትጣዪኝ ከሆነ ቆይ፣ መነጽሬን ላድርግ። የሚቆጣኝን ሰው ፊት ማየት እወዳለሁ።» ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አደረገችው።

ደብዳቤውን ብቻ ዘረጋሁላት። «ይህን ለምን አልከፈተውም፣ እትዬ?»

ገልብጣ አየችው። ከዚያ ባዶውን የእንቁላል መደርደሪያ አየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው አለቀ።

«እንቁላል አልቆበት ነው» አለች።

አልገባኝም ነበርና አስረዳችኝ። እንዳይረሳ የሚፈልገውን ነገር ጠዋት ጠዋት እጁ የሚሄድበት ቦታ ያስቀምጣል። ጠዋት እጁ የሚሄደው ወደ እንቁላሉ ነው። እንቁላሉ ሲያልቅ ወደዚያ ማየት ተወ። ደግሞ አንድ ነገር ከፊቱ ሦስት ቀን ከቆየ እንደ ግድግዳው ይሆንበትና አያየውም፤ ወረቀቶቹንም በየሳምንቱ ቦታ የምትቀይራቸው ለዚህ ነው አለችኝ።

ሌላውንም ነገረችኝ፤ ባጭሩ፣ ብዙ ጊዜ ለራሷ እንደነገረችው ያስታውቃል። ባለፈው ዓመት ልጃቸው ሀዩን ከየሥራው ስትባረር ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ኤዲኤችዲ የሚባል ነው፣ የትኩረት ችግር፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ የነበረ ነው ብሎ ነገራት። በቤተሰብ እንዳንቺ ያለ ሰው ማን አለ ብሎ ሲጠይቃት አባቷን ይዛ መጣች። በስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው ስሙን ያወቀው። ስንፍና አይደለም፣ ንቀትም አይደለም፤ የወደደው ሥራ ላይ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ሌላውን የሚያስጥል አእምሮ ነው አሉት። መድኃኒቱ ይረዳዋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቅጽ መሙላት፣ ፖስታ መክፈት የመሳሰለው ሥራ ሲሆን ሰው አጠገቡ ዝም ብሎ ከተቀመጠለት ይሠራዋል። ያ ሰው የግድ ማውራት የለበትም።

«ሐሙስ ማለት ያ ነው» አለች። «እኔ የጥልፍ ሥራ ጥለት ወረቀት ላይ እቀዳለሁ፤ እሱ ፖስታ ይከፍታል።»

«እርስዎ ለምን?» አልኳት። ክፉ ድምፅ ነበር የወጣኝ።

መነጽሯን አወለቀች።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። የሚረሳኝ የማልረባ ስለሆንኩ ነበር የሚመስለኝ። ሁለት ጊዜ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ተውኩ፤ በሦስተኛው ወጣሁ። ሐኪሙ የነገረን ቀን ያለቀስኩት ለእሱ እንዳይመስልሽ። ለአሥራ ዘጠኙ ዓመቴ ነው ያለቀስኩት።» መነጽሯን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ «እቀናብሻለሁ፣ የዶንግጁ እናት። ሰውየው አንድ ነው። አንቺ ግን ምን እንደሆነ አውቀሽ ነው የምታገኚው» አለችኝ።

ቅናት ተሸክሜ የመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ስገባ ግን ሌላ ሰው ተሸክሞት አገኘሁ። ይህ ያቀለለኝ መሰላችሁ? አላቀለለኝም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቀናሁባት፤ በሥቃዩም ጭምር።

ለእኔ ለምን አልነገረኝም ብዬ ጠየቅኳት።

«ይፈራላ። እኔን ምን ብሎ ይፈራኛል? እኔን አጥቶ ጨርሷል።»

መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ በሩ ድረስ ሄዳ፣ «በስሙ ብትጠሪው አይሰማም። ትከሻውን ንኪው» አለችኝና ወጣች። ያንንም እሷ ነገረችኝ። ትከሻውን ስለመንካት እንኳ።

*

አልነካሁትም። ወደ ጓሮው የሥራ ቤት ገብቼ ከኋላው ቆምኩ። ከፀጉር የቀጠነ የዛጎል ክር በቢላዋ ጫፍ አንስቶ ጥቁሩ እንጨት ላይ ያስተኛዋል። እስትንፋሱን ይዟል።

«አንተ» አልኩ።

ዞረ። ስሙን ብጠራው የማይሰማው ሰው ይህችን ሰማ። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አልዋሸም። ደክመሽ የጻፍሽውን በችኮላ ማንበብ አልፈለግኩም፤ ልቤ ጸጥ የሚልበትን ቀን እየጠበቅሁ ነበር አለኝ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ረሳሁት።»

«ስሜንስ ለምን በቀይ ጻፍከው? ገና አልሞትኩም።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እጁን አፉ ላይ አደረገ። ሐኪሙ፣ ፈጽሞ መቅረት የሌለበትን ነገር ለይተህ በአንድ ቀለም ጻፍ ብሎት ነበር። በእጁ ከነበሩት እስክሪብቶዎች ዓይኑ ውስጥ የገባው ቀዩ ነው። ሌላ አላሰበም። «ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው» አለኝ፤ «ቢያልፈኝም የምችለው። ቀዩ ግን…» አልጨረሰውም። ስድሳ ሦስት ዓመት እዚህ አገር ኖሮ የሙታን ቀለም መሆኑ ትዝ ያለው ያኔ ነው። ይህን የሚዘነጋ ሌላ ሰው የለም፤ ከእሱ በቀር።

መለሳለስ ነበረብኝ። ውስጤም ለስልሷል። አፌ ግን ሌላ ተናገረ።

«እሷ መድኃኒትህን ታውቃለች፤ የበርህን ቁጥር ታውቃለች። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁት ንጹሕ ሸሚዝህን ብቻ ነው። ድሮ ሚስትህ ስለነበረች እንዳይመስልህ የቀናሁት። ያልተነጠፈ አልጋህን እሷ ስላየች ነው። ያልታጠበ ሳህንህን። እኔ እንግዳ ነኝ?»

«እንዳትሄጂ ብዬ ነው። ሁሉም ካየኝ በኋላ ይሄዳል።»

«ሳታሳየኝም ልሄድ ነው። ነገ።»

ፖስታውን ቀደደና ደብዳቤውን እዚያው አነበበው። ጣቱ በየመስመሩ ቀስ እያለ ሄደ፤ የተሳሳተ ፊደል ላይ ሲደርስም አልቆመም። አንዴ ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። እኔ ቆሜ ጠበቅኩት። በወደቡ ከጠበቅኩት ሁለት ሰዓት ያ ረዘመብኝ።

«እንደገና እረሳለሁ» አለ ሳያየኝ። «ልደትሽን፣ ቀጠሮሽን። አልረሳም ብዬ ቃል ብገባልሽ ውሸት ነው። ከእንግዲህ ግን አልደብቅሽም። ቅሪ፣ ፒልሱን።»

ስልኬን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ዶንግጁ ወዲያው አነሳው፤ ከኋላው ሕፃኑ ያለቅሳል። ነገ አትምጣ አልኩት። ሰኞና ማክሰኞ በአውቶቡስ እየመጣሁ ልጁን እይዛለሁ፤ ቤቴ ግን እዚሁ ነው አልኩት። ስለ ሰውየው የሚያውቀው የጀልባውን ወደብ ታሪክ ብቻ ነው፤ እኔው እያለቀስኩ የነገርኩት።

«እማዬ፣ ሰውየው ይፈልግሻል? እስቲ አቅርቢልኝ፣ ላናግረው።»

ዞርኩ። ማንሲክ ተመልሶ እንጨቱ ላይ ጎንበስ ብሏል። ሙጫው ሊደርቅበት ሲል አይቶ መሆን አለበት። ቅሪ ካለኝ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ያቺ ቀጭን ዛጎል ሙሉ ልቡን ይዛ በብርሃኑ ውስጥ ተኝታለች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀናሁባት።

«አሁን አይሰማም» አልኩ።

«አጠገብሽ ሆኖ? ታዲያ እንዴት ብለሽ ነው የምትቀሪው?»

«እኔ እፈልገዋለሁ፣ ዶንግጁ።»

በሕይወቴ እፈልጋለሁ ብዬ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቅናቴ አልለቀቀኝም። ቃሉን ግን አልመለስኩትም።